በር ያላንኳኳ ጦርነት

እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2003 ማታ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የኢራቅ ዘመቻ መጀመሩን በቴሌቪዥን ሲያውጁ፣ በማግስቱ ሥራ የሚኖር አልመሰለኝም ነበር። (ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ እጽፋለሁ፤ እዚህ የለመድነው እሱን ነው።) ያን ጊዜ የምሠራው ዋሽንግተን መሐል ከተማ፣ ምድር ቤት ባለ የመኪና ማቆሚያ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቦታው ሁሉ ተያዘ። አንዱ ደንበኛ ቁልፉን ሲያቀብለኝ የጠየቀኝ፣ ማታ ቶሎ እንዲወጣ መኪናውን ከመውጫው አጠገብ አደርግለት እንደሆነ ነበር። ስለ ባግዳድ ያነሣ ሰው አልነበረም።

እኔ የማውቀው ጦርነት እንዲህ አይደለም። በ1998 ባድመ ላይ ከኤርትራ ጋር ውጊያው ሲከፈት አዲስ አበባ ነበርኩ። ሬዲዮው ቀረርቶና ሽለላ ያሰማ ነበር፤ ከደመወዛችን መዋጮ ይቆረጣል፤ እናቶች በሶና ዳቦ ቆሎ ያሰናዳሉ። ልጁን ያልላከ ቤት እንኳ የጎረቤቱ የልቅሶ ድንኳን ደጁ ላይ ይተከልበት ነበር።

አሜሪካኖቹ አልፈሩም ማለቴ አይደለም። በፌብሯሪ በቀለም የሚገለጸው የሽብር አደጋ ደረጃ ወደ ብርቱካናማ ከፍ ብሎ፣ መንግሥት የመርዝ ጥቃት ቢደርስ መስኮት የምታሽጉበት ላስቲክና ሰፊ ፕላስተር ገዝታችሁ አስቀምጡ ሲል፣ በከተማችን የነበረው ፕላስተር ከመደርደሪያ ላይ ተጠራርጎ አለቀ። የቤት ተጋሪዬም ሁለት ጥቅል ገዝቶ መጣ። በኋላ የአሮጌ መኪናውን መስኮት ለጠፈበት።

ዲፕሎማሲውን በትኩረት እከታተል ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሊን ፓወል ፌብሯሪ 5 ቀን በፀጥታው ምክር ቤት ፊት ትንሽ ብልቃጥ በጣታቸው ይዘው፣ ይህን ታህል አንትራክስ የተባለ ገዳይ ተሕዋስ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ሲያስረዱ አይቻለሁ፤ ኢራቅ አላት የተባለው የጅምላ ጨራሽ ጦር መሣሪያ ግን በኋላ ተፈልጎ አልተገኘም። ምክር ቤቱ እንደማይስማማ ሲታወቅ ለዘመቻው መንገድ ይከፍታል የተባለው ሁለተኛው የውሳኔ ሐሳብ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ፤ በምትኩም ዘመቻውን የሚደግፉ «ፈቃደኛ» አገሮች ዝርዝር ወጣ። እዚያ ላይ ኢትዮጵያና ኤርትራ አብረው ሰፍረው ሳገኝ ዓይኔን አሽቼ ደግሜ አነበብኩ። በዲሴምበር 2000 አልጀርስ ላይ ፈርመው የተለያዩ፣ ድንበራቸውን የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ የሚጠብቅላቸው ሁለቱ ባላንጣዎች በሌላ ሰው ጦርነት ተስማሙ። በዚያው ዓመት አገር ቤት በድርቁ ምክንያት ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ይጠባበቅ ነበር፤ ትልቁን ድርሻ የምትሰጠውም አሜሪካ ነበረች። ስማችን የሰፈረው ለዚህ ነው ብዬ አልምልም፤ ሆኖም ጉርሻ አፉ ውስጥ ያለ ሰው አጉራሹን ለመንቀፍ አይመቸውም።

ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ግን የገንዘቡ ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካዊው ስኳሩንም ቤንዚኑንም በራሽን ይወስድ፣ ከደመወዙም የጦርነት ቦንድ ይገዛ ነበር። አሁን ግን የቡሽ የኢኮኖሚ አማካሪ ላውረንስ ሊንድሲ ወጪው ከ100 እስከ 200 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል ብለው በተናገሩ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ2002 መጨረሻ፣ ከቦታቸው ተነሡ። በሜይ 2003 ግብር ተቀነሰ፤ በሴፕቴምበር ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን ተጨማሪ 87 ቢሊዮን ዶላር ተጠየቀ። እኔ ራሴ በዚያ ሰሞን ከደመወዜ የሚቆረጠው ግብር ትንሽ ቀንሶ አገኘሁትና ደስ አለኝ፤ መንግሥት የሚዘምተው ተበድሮ እንደሆነ ያኔ ልብ አላልኩም። ሰው ሲንጫጫ የሰማሁት በ2008 አንድ ጋሎን ቤንዚን ከ4 ዶላር ሲያልፍ ነው፤ ያውም ስለ ጋሎኑ።

የሚዘምተውም የተወሰነ ሰው ነው። የግዳጅ ውትድርና ከ1973 ወዲህ ስለቀረ፣ ሠራዊቱ በፈቃዱ የሚቀጠር ነው፤ ከቅጥረኞቹም መካከል ዜግነት የሌላቸው ግሪን ካርድ የያዙ ወጣቶች ነበሩበት፤ በጁላይ 2002 በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝም የዜግነታቸው ጉዳይ እንዲፋጠን ተደርጎ ነበር። የእኛ ሰፈር አንዲት እናት ልጃቸው በዚህ መንገድ ሄዶ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ጥግ ይዘው ያለቅሳሉ። «እትዬ፣ አይዞዎት» ከማለት በቀር የምንለው አልነበረንም። አገር ቤት ቢሆኑ ሰፈሩ በሙሉ የወታደር እናት ስለሆነ አብሯቸው ያለቅስ ነበር። እዚህ ግን የሚገቡበት አሳንሰር ውስጥ እንኳ ልጅ እንደላኩ የሚያውቅ የለም። ከጦር ሜዳ የሚመለሰው ሬሳ ዴላዌር ዶቨር ጦር ሠፈር ሲደርስ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በ2009 ነው።

ከደንበኞቼ ብዙዎቹ መኪናቸው ኋላ ላይ ቢጫ ሪባን የተሣለበት፣ ወታደሮቻችንን ደግፉ የሚል ማግኔት ይለጥፉ ነበር። ከሁለት ክረምት በኋላ አንዱ ሁለተኛው ምድር ቤት መሬት ላይ ወድቆ አገኘሁት፤ ቢጫው ወደ ነጭ ሄዷል። ባለቤቱ ይጠይቅ ይሆናል ብዬ፣ የጠፉ ቁልፎችና ጃንጥላዎች ከምናስቀምጥበት መሳቢያ ከተትኩት። ያን ሥራ እስክለቅ እዚያው ነበር።