ከህዳሴ ግድብ በኋላ ገንዘቡ ወዴት ይሂድ፦ ወደ መስመር ወይስ ወደ ፀሐይ?

ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ በእጃችን እያለ፣ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሕዝባችን ዛሬም መብራት የለውም። ከእንግዲህ ለኤሌክትሪክ የሚገኘው ገንዘብ በቅድሚያ የት ይዋል? ዋናውን መስመር ወደ ገጠር በማድረስ ላይ ወይስ በየቦታው ሶላር በመትከል ላይ? በዚህ ጥያቄ ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ተከራክረዋል። አንደኛው የሥራ ዘመናቸውን በከፍተኛ መስመርና በማከፋፈያ ጣቢያዎች ያሳለፉ ጡረተኛ መሐንዲስ ናቸው። ሁለተኛዋ ለገጠር ጤና ጣቢያዎችና ለውሃ ጉድጓዶች ሶላር የምትተክል ባለሙያ ናት።

መሐንዲሱ፦

«ለገጠሩ ሶላር ይበቃዋል» ሲባል ስሰማ አዝናለሁ። ለየትኛው ሥራ ነው የሚበቃው? አንድ ቀበሌ መብራት ሲገባለት ቀድሞ የሚተከለው ወፍጮ ነው። የ15 ኪሎ ዋት የወፍጮ ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሴኮንዶች ከመደበኛው አምስት፣ ስድስት እጥፍ የሚሆን ከረንት ይስባል። ዋናው መስመር ከጀርባው ትልልቅ ተርባይኖች ስላሉለት ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ለአንድ መንደር የተተከለ ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ለቤት ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) ግን ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ራሱን ያጠፋል፤ መንደሩም አብሮ ይጨልማል።

ወደ ቤት ስንገባ ደግሞ ምጣዱ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል። በየገጠሩ የሚታደሉት ትንንሽ ሶላሮች ሁለት ሦስት አምፖል ያበራሉ፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋሉ፣ ሬዲዮ ያሰማሉ። እናትየው ግን እንጨት ለቀማውን አልተወችም፤ ዓይኗም ከጢሱ አልዳነም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ ሁሉም ሰው ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ፣ 65 በመቶው በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ እንዲሆን አቅዶ ነበር። ያ ዓመት አለፈ። ያስጨነቀኝ ዕቅዱ መዘግየቱ ብቻ አይደለም። አንድ ቤት አምፖል ሲያበራ «ኤሌክትሪክ ያገኘ» ተብሎ ከተመዘገበ ወፍጮና ምጣድ የጠየቀው ገበሬ ከወረፋው ይሰረዛል። ተመልሶ የሚያስታውሰው የለም።

ኃይሉ ደግሞ አለ። ለኬንያ፣ ለጅቡቲና ለሱዳን እንሸጣለን። ቢትኮይን የተባለውን የዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር ለሚያመነጩ ኩባንያዎችም ስንሸጥ ቆይተናል። የጎደለን ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ነው። ሕዝቡ ከደመወዙ ቆርጦ ቦንድ እየገዛ የሠራውን ግድብ ወደ ቤቱ የሚያደርሰውን መስመር ሳንጨርስ ሌላ ምንጭ ፍለጋ መሄድ ለእኔ አይገባኝም።

ባለሙያዋ፦

ጋሼ፣ ስለ ምጣዱ የጻፉትን ከልቤ እቀበላለሁ። አንድ ፋኖስ ሰጥቶ ቤቱን ኤሌክትሪክ እንዳገኘ መቁጠር በእኔም ዓይን ሐሰት ነው። ግን የሚሉት መስመር የት ድረስ እንደሚሄድ አብረን እንየው። 400 ኪሎ ቮልት የተሸከመ ሽቦ በማሳቸው ላይ አልፎ በኩራዝ የሚያመሹ ሰዎችን እርስዎም ያውቋቸዋል። ከዚያ ሽቦ ላይ መብራት ቀንጥሶ መስጠት አይቻልም። ማከፋፈያ ጣቢያ ይሠራል፣ ከዚያ መካከለኛ መስመር፣ ከዚያ ትራንስፎርመር፣ ከዚያ ዝቅተኛ መስመር፣ በመጨረሻ ቆጣሪ። በደጋው ገጠር ቤቶቹ በየተረተሩ ተበታትነዋል፤ አንዱ ከሌላው ጋር የሚጠራራው በጩኸት ነው። ለእያንዳንዱ ቤት የሚሳበው ሽቦ ይረዝማል፣ ቤቱ በወር የሚጠቀመው ኃይል ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ ከሚሰበስበው ይልቅ የሚያወጣው ይበልጣል፤ መስመሩም ከዓመት ዓመት ይገፋል።

በዚህ መሐል ሰው ይወልዳል፣ ሕፃን ይከተባል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። ዛሬ ባትሪ እንኳ የማይፈልጉ የሶላር ማቀዝቀዣዎች አሉ፤ ቀን በፀሐይ በረዶ ይሠራሉ፣ ሌሊቱን በዚያ በረዶ ይቀዘቅዛሉ። አዋላጇ የስልክ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ የምታዋልድበት ጤና ኬላ በአንድ ቀን ተከላ ይለወጣል። ለዚያች እናት «መስመሩ እስኪደርስ ጠብቂ» የሚላት ማነው?

ሌላም ስጋት አለኝ። ከምናመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ነው። በ2001 ዓ.ም. ውሃ አንሶ በፈረቃ መብራት ኖረናል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ውሃ ሲቀንስ ዳግመኛ ፈረቃ ታወጀ፤ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠውም ቆመ። ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ ከተመረቀ ገና ጥቂት ዓመት የሆነው ግድብ ነበር። ህዳሴ ትልቅ ስለሆነ ሰማዩን ያዝዘዋል ማለት አይደለም።

መሐንዲሱ፦

እኅቴ፣ የጤና ኬላውን ጉዳይ ያለ ክርክር እሰጥሻለሁ። ክትባት መስመር አይጠብቅም።

ስለ ድርቁ ያነሳሽው ግን ወደ እኔ ይመልስሻል። ፀሐይ ከግድብ ጋር በደንብ ትስማማለች፤ ይህን ማንም የኃይል መሐንዲስ አይክድም። በጋ ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ የግድቡ ውሃ ይወርዳል። ክረምት ላይ ደመናው ይከብዳል፣ ግድቡ ይሞላል። ቀን በፀሐይ ሠርተን ውሃውን ብንይዝና ማታ ሁሉም ቤት እራት ሲሠራ ብንለቅቀው፣ ግድቡ ራሱ ትልቁ ባትሪያችን ይሆናል። በሶላር ጣቢያ ላይ ደመና ቢያልፍ የውሃ ተርባይን በደቂቃዎች ውስጥ ይሸፍናል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ፓነሉ ከዋናው መስመር ጋር ሲገናኝ ነው። መንደር ውስጥ ለብቻው የተተከለ ፓነል ለጊቤ አንዲት ጠብታ ውሃ አያድንለትም።

ትልልቆቹ የሶላር ጣቢያዎችስ የት ደረሱ? የመተሐራው 100 ሜጋ ዋት ጨረታ አሸናፊ የተለየው በ2010 ዓ.ም. ነው። አፋር ውስጥ ዲቼቶ፣ ሶማሌ ክልል ውስጥ ጋድ፣ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት፣ ለሳዑዲው አክዋ ፓወር ተሰጥተው በ2012 ዓ.ም. የግዢ ውል ተፈረመ። ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ በአፍሪካ ከታዩት ሁሉ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ። ሦስቱም አልተሠሩም። የፀሐይ ብርሃን አንሶ አይደለም። ባለሀብቱ በዶላር ይከፈለኝ ይላል፣ የእኛ መሥሪያ ቤት የሚሰበስበው ብር ነው። ውሉ ሲፈረም ዶላር 30 ብር ገደማ ነበርና ያ ዋጋ 75 ሳንቲም አካባቢ ይሆን ነበር። ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር ከ100 ብር አልፏል፤ ያው ኪሎ ዋት ሰዓት ከ2 ብር ከ50 ሳንቲም በላይ ሊሆን ነው። ጣቢያዎቹ ተሠርተው ቢሆን ይህን ልዩነት ይከፍል የነበረው ማን እንደሆነ አስቢው።

ባለሙያዋ፦

የዶላሩን ነገር በደንብ አስልተውታል፤ ሆኖም የስሌቱ አንድ ወገን ብቻ ነው። የህዳሴ ተርባይኖችስ በብር ተገዙ? ትራንስፎርመሩስ? ደግሞ ዛሬ መስመር ያልደረሰበት ገበሬ ያለ ኃይል አልተቀመጠም። መቂና ዝዋይ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ውሃ የሚስበው በነዳጅ ፓምፕ ነው። ነዳጁ በየወሩ በዶላር ይገባል፣ ተቃጥሎ ያልቃል። ፓነል አንድ ጊዜ ዶላር ወጥቶበት 25 ዓመት ያመነጫል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ የከለከለው በዚሁ ስሌት ነው። ለመኪናው የገባን ነገር ለፓምፑ ለምን አይገባንም?

ስለ ሐዋሳ ደግሞ ልንገርዎ፤ ይህ ጉዳይ እንቅልፍ ይነሳኛል። ከአጎዋ (ምርታችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) ከወጣን በኋላ ሥራ ቀዝቅዞበት በነበረው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ቶዮ የተባለ ኩባንያ በ2017 ዓ.ም. የሶላር ሴል ፋብሪካ ከፍቷል። በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 2 ጊጋ ዋት የሚሆን ሴል ለማምረት የታቀደ ነው፤ ገበያው አሜሪካ ነው። አሜሪካ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሴሎች ላይ ከፍተኛ ቀረጥ ስለጣለች ፋብሪካው ወደ እኛ መጣ። በእኛ ልጆች እጅ የተሠራው ሴል ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ እኔ ለሲዳማ ጤና ጣቢያ ፓነል ስፈልግ ከቻይና አስመጪ ጋር የውጭ ምንዛሪ ወረፋ እጠብቃለሁ። ሴል ብቻውን ፓነል እንደማይሆን አውቃለሁ። መስታወቱ፣ ፍሬሙ፣ መገጣጠሙ አለ። ግን ከምርቱ ጥቂቱ እንኳ እዚሁ ተገጣጥሞ በብር ቢሸጥ የምንዛሪው ክርክራችን ግማሹ ይቀልል ነበር።

መሐንዲሱ፦

ያ ፋብሪካ ለምን ሐዋሳን እንደመረጠ ግን አልጻፍሽም። ሴል የሚሠራው ከ800 ዲግሪ በሚበልጥ ምድጃ ውስጥ፣ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ነው። ይህን የሚችለው የእኛ ርካሽ የውሃ ኤሌክትሪክ ነው። ሥራ ያመጣው፣ ደመወዝ የሚከፍለው መስመሩ ነው። በየቀበሌው ከተማ እንጨት ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱ፣ ወተት ማቀዝቀዣው ይህን ዕድል ይፈልጋል።

የፓምፑን ነገር በጥንቃቄ እንያዘው። ነዳጅ ውድ በመሆኑ ገበሬው ሞተሩን ያጠፋል። ፀሐይ ነጻ ሲሆን ማን ያጠፋል? የሐረማያ ሐይቅ ለጫትና ለአትክልት፣ ለሐረር ከተማም ጭምር ሲሳብ ኖሮ ደርቆ አይተነዋል፤ ያን ጊዜ እንኳ ፓምፑ ነዳጅ ያስከፍል ነበር። ዝዋይም ዛሬ የሚሳብበት ከሁሉም አቅጣጫ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ፓኪስታን የደረሰባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 17 ጊጋ ዋት ያህል ፓነል አስገባች። አቅም ያለው ቤትና ፋብሪካ ጣሪያው ላይ ተክሎ ከመስመሩ ፊቱን አዞረ። ኃይሉ ተገዛም አልተገዛም ለኃይል ጣቢያዎቹ የሚከፈለው የቋሚ ክፍያ ውል ግን አልቀነሰም። ዕዳው ጣሪያው ላይ ፓነል መትከል በማይችለው ድሃ ቆጣሪ ላይ ወደቀ፤ ታሪፉ በጨመረ ቁጥር ሌላው ደግሞ ይወጣል። እኛም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ እየጨመርን ነው። አዲስ አበባ ያሉ ሆቴሎችና ፋብሪካዎች ሂሳቡን ሠርተው ሲወጡ የገጠሩን መስመር የሚደጉመው ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ባለሙያዋ፦

በሐረማያ ጉዳይ ልክ ነዎት። ለእያንዳንዱ ፓምፕ የውሃ መጠን ካልተወሰነለት ልንተክል አይገባም፤ እኔ ራሴ የጉድጓዱ ምርት ሳይለካ አልተክልም። ፓኪስታን ግን መስመሩ ቀድሞ የደረሰላት አገር ናት። የእኔ ክርክር ስለ ቦሌ ሆቴል ጣሪያ አይደለም። ቆጣሪ አይቶ ስለማያውቅ ቤት ነው፤ ያ ቤት ከመስመር ሊወጣ አይችልም፣ ገብቶ አያውቅማ።

አሁን ወደ ወፍጮውና ወደ ምጣዱ ልመለስ፤ ትልቁ መከራከሪያዎ እሱ ነውና። ለወፍጮው ሞተር ቀስ አድርጎ የሚያስነሣ መሣሪያ ይገጠምለታል፤ ያ የመነሻ ከረንት ወደ ሁለት እጥፍ አካባቢ ይወርዳል፣ ኢንቨርተሩም ይችለዋል። ወፍጮ የሚሠራው ቀን ነው፤ ፀሐይም ያለችው ቀን ነው። እንጀራም በየዕለቱ አይጋገርም። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከረፋዱ አራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በመንደሩ የጋራ መጋገሪያ ቤት በተራ ቢጋገር ባትሪ ሳይነካ ያልቃል። 100 ኪሎ ዋት ፓነል ያለው ሚኒ ግሪድ (ለመንደሩ ብቻ የሚያገለግል ትንሽ የኤሌክትሪክ መረብ) በበጋ በቀን ከ400 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል። ሽቦውንና ምሰሶውን በመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ከሠራነው ዋናው መስመር በደረሰ ቀን ይገናኛል፤ የሚጣል ነገር የለም።

መሐንዲሱ፦

በወረቀት ላይ እስማማለሁ። ነገር ግን ስንቱ ጤና ጣቢያ ጣሪያው ላይ ፓነል እያብረቀረቀ ማታ በሻማ እንደሚሠራ አይቻለሁ። ባትሪው በሦስተኛው ዓመት ሞቷል፤ መተኪያ በጀት የያዘለት የለም። ገበያው ላይ 300 ዋት ተብሎ የተለጠፈበት ፓነል ሲለካ ግማሹን አይሰጥም። የመኪና ባትሪ ለሶላር ይሸጣል፣ እስከ ታች እየተራገፈ ዓመት አይቆይም። የክረምቱስ ነገር? ጎጃም ሐምሌን እንዴት ይጋግር?

ባለሙያዋ፦

የተቃጠለ ትራንስፎርመርም ወራት ሲጠብቅ አይተዋል፤ ሆኖም «መስመር አይሠራም» አላልንም። ጥገናው በጀት ይፈልጋል። በእርዳታ ተተክሎ የሚተው ፓነል ይቁም። የተከለው ድርጅት ለአምስት ዓመት የሚሠራበትን ሰዓት እየተለካ ይከፈለው። ባትሪውም ሊቲየም ይሁን፣ አስር ዓመት የሚዘልቅ። በሐምሌ ጎጃም ላይ ምርቱ እንደሚቀንስ አልደብቅዎትም። በእነዚያ ሁለት ወራት ምጣዱ በማገዶ ይታገዛል፤ ዛሬ ግን በአሥራ ሁለቱም ወር ማገዶ ነው።

መሐንዲሱ፦

እንግዲህ የመጨረሻው ጥያቄዬ የፖለቲካ ነው። የሚኒ ግሪድ ኃይል ከነባትሪው ከዋናው መስመር እጅግ ይወደዳል። ወይ የገጠሩ ገበሬ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከአዲስ አበባው ሰው የብዙ እጥፍ ይከፍላል፣ ወይ መንግሥት ልዩነቱን ይደጉማል። የመጀመሪያውን ማንም የገጠር ሕዝብ አይቀበልም፤ እኔም አልደግፈውም። ሁለተኛው ዓመታዊ ዕዳ ነው፣ መስመር ግን አንዴ ተዘርግቶ ያበቃል።

ባለሙያዋ፦

ያ ድጎማ ዛሬም ይከፈላል፣ ጋሼ። ከዋጋ በታች የሚሸጠው የከተማ ኤሌክትሪክ ድጎማ ነው፤ የሚደርሰውም ቆጣሪ ላለው ብቻ ነው። ያንኑ ገንዘብ ከመስመር 20 ኪሎ ሜትር በላይ ለራቀ ቀበሌ ይሰጥ፣ ታሪፉም እኩል ይሁን ነው የምለው። ከዚያ በታች ያለውን መስመር ይውሰደው።

መሐንዲሱ፦

20 ኪሎ ሜትሩን እቀበልሻለሁ፤ ካርታው ላይ ማን ከወዲህ ማን ከወዲያ እንደሚሆን ግን በምርጫ ሰሞን በሚሰጥ ተስፋ ሳይሆን በመለኪያ ይወሰን። ድጎማውም በየዓመቱ ልመና እንዳይሆን በሕግ ተጽፎ ይምጣ። ይህ እስኪሆን ድረስ፣ ከጤና ኬላና ከትምህርት ቤት በስተቀር፣ የሚገኘው ብር ምሰሶ ይትከል እላለሁ።