ምስጋና ለጋብቻ ጠባቂው እጩ

በምርጫ ሰሞን መድረክ ላይ የወጣ ሰው «የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን አጥብቀን እንቃወማለን!» ሲል ያልሰማ የጎጃም ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የለም። እኔም ሰሞኑን ደግሜ ሰማሁት። ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል፤ ሞንታርቦው አጠገብ ነበርኩ።

ውለታ ቢስ እንዳልባል ላመስግን።

እስኪ አስቡት፣ እኚህ ሰው ባይኖሩልን ምን ይውጠን ነበር? ሞጣ ላይ፣ ቢቸና ላይ፣ ደምበጫ ላይ ስንቱ ጎረምሳ ጎረምሳ ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ ዳስ ጥሎ፣ ጠላ ጠምቆ ይጠብቅ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ደርሰው አስቆሙልን።

ድፍረታቸውስ! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ስለ ጋብቻ ሲናገር ወንዶችና ሴቶች ይላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ አንቀጽ 629 ላይ ጋብቻው ቀርቶ ድርጊቱን ራሱን ያስቀጣል። ይህን እለውጣለሁ ብሎ እኛ መድረክ ላይ የወጣ እጩ አላየንም። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ጠፍቷል፤ እሳቸው ጎራዴ መዝዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ማንም እንዳይገባ!

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የጥያቄ አመላለሳቸው ነው። አንድ አባት ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ልጄ፣ ዩሪያው ዘር ሳያልፍብን ይደርሳል ወይ?»

«አባቴ፣ በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ላይ ያለን አቋም አይናወጥም!»

ጭብጨባ።

«እሱስ ደግ። ዩሪያውስ?»

«አንደራደርም!»

ጭብጨባ። አንዲት እናት ስለ ቧንቧው ጠየቁ። «እናቴ፣ ባህላችንን አናስደፍርም!» ተባሉ። እንስራቸውን ባህል ይሙላላቸው። አስተማሪው ስለ ደመወዙ አነሳ። «ትውልዱን ከዚህ ጉድ እንጠብቃለን!» ትውልዱን የሚያስተምረው ሰው ኪሱን እየዳበሰ ተቀመጠ። ከኋላ አንዱ «ድልድዩስ?» ብሎ ጮኸ። እጩው ትንሽ አሰቡ። «በድልድያችን ላይ ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዲሻገሩ አንፈቅድም!»

እዚህ ላይ ግራ ገባን። ድልድዩ የለም እንጂ፣ በእኛ አገር ወንድ ከወንድ ጓደኛው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው ገበያ የሚወርደው። ነውር ያለውም የለም። ሁለት ሽማግሌዎች እንደዚያው ተያይዘው ቆመው ሲያዳምጡ ነበር፤ እጃቸውን ቀስ ብለው ለቀቁ።

ተቀናቃኞቻቸውም አልተኙም። ሁለተኛው እጩ «እኔ ከሳቸው አብልጬ እቃወማለሁ» አሉ። ሦስተኛው ከእናታቸው ሆድ ጀምሮ ነው የሚቃወሙት። አራተኛው ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን መድረክ ላይ አሰለፉ፤ ማስረጃ መሆኑ ነው። ትንሿ ልጅ አለቀሰች፣ እሱም ተጨበጨበለት። አምስተኛው ሚስታቸው ጠበል ስለሄዱ የሰርግ ፎቷቸውን ከነፍሬሙ ተሸክመው መጡ። በማግስቱ ሙሽራው ወንድማቸው ነው ተብሎ ተወራ። ሰውየው ይኸው እስካሁን ያስተባብላሉ፤ ስለ ሌላ ነገር አንድ ቃል ለመናገር ጊዜ አላገኙም።

ጎጃም እኮ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ስንቱን ምስጢር የሚቋጥር የቅኔ አገር ነው። ለእጩ ሲሆን አንድ ቤት በቃው።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁመው። እጩዎቹ ክርክር ሲያልቅባቸው «እሱ እኮ የዚህ ጋብቻ ደጋፊ ነው» ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ አንድ ሰው ቀስረው። በቃ። ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ያ ልጅ ደንበኛው ይሸሸዋል፣ አከራዩ ቤቱን ልቀቅ ይለዋል፣ እናቱ ከማኅበር ትቀራለች። እጩው ወደ ሚቀጥለው ከተማ ሄደዋል። እሺ፣ ልጁ በእርግጥ ይደግፍ! ሁለት አዋቂ ሰዎች ቢጋቡ ምን ቸገረኝ ይበል! ሐሳብ ነው። በሐሳቡ ሰው እንጀራውን የሚነጠቅበት ምን ዓይነት ምርጫ ነው? በሰው ልጅ ኑሮ ድምፅ መለመን ነውር ነው። ነውር!

ሌላ አገር ቢያንስ ጥያቄው ጥያቄ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ኔዘርላንድስ በ2001 ከዓለም ቀድማ ፈቀደች፣ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በ2006። አየርላንድ በ2015 ሕዝቧን ጠየቀች። የሚደግፈውም የሚቃወመውም ፊቱን ሳይሸፍን ተከራክሮ ድምፁ ተቆጠረ። የእኛዎቹ ብቻቸውን ሜዳ ገብተው ጎል ያገባሉ።

የሰፈራችን አንድ ጋሼ የወንድማቸው ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ይኖራል። በፈረንጅ 2012 ምርጫ እዚያ ጉዳዩ ለድምፅ ቀርቦ፣ 52 ከመቶ ያህሉ ደግፎት አለፈ። ጋሼ ሲሰሙ ደንግጠው ደወሉ።

«እህ፣ ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንን፣ ጋሼ።»

«ምንም?»

«ብርዱ ነው እንጂ።»

«ሚስትህስ?»

«ደህና ናት። ሥራ ገብታለች።»

ጋሼ አላመኑም። «ይደብቀኛል» አሉን። እስካሁን ምርጫ በመጣ ቁጥር ይደውሉለታል። ልጁም እስካሁን ከዚያችው ሚስቱ ጋር ነው፤ ጋሼ ይህንንም በጥርጣሬ ነው የሚያዩት።