«ማኑዋል ነው» ማለት ችግር መግለጽ አይደለም

ግንቦት ሲደርስ ጠረጴዛዬ ላይ የተማሪ ፕሮጀክት ይቆለላል። ጎንደር ውስጥ «ሲስተም አናሊሲስ ኤንድ ዲዛይን» የሚባለውን ኮርስ አስተምራለሁ። ርዕሱ ይለያያል፤ የመድኃኒት ቤት፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ የካርድ ክፍል። የችግሩ መግለጫ ግን ሁሌም አንድ ነው። «አሁን ያለው አሠራር ማኑዋል ስለሆነ ጊዜ ይፈጃል፣ ስህተት ይበዛዋል፣ መረጃ ይጠፋል።» ማኑዋል ሲሉ በእጅና በወረቀት የሚሠራ ማለታቸው ነው። ከባች ባች በፍላሽ የምትወረስ ዓረፍተ ነገር ናት። እኔም ዝም ብዬ ነጥብ ስሰጣት ኖሬያለሁ።

ኮርሱን ለማያውቅ ሰው፣ ኮድ ከመጻፍ በፊት ያለው ሥራ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ታጠናለህ፣ የሚያስፈልገውን ትለያለህ፣ ከዚያ አዲሱን ሲስተም በወረቀት ትነድፋለህ። ለማጥናት ሰው ታናግራለህ፣ ሰነድ ታያለህ፣ ቁጭ ብለህም ትታዘባለህ። እኛ ጋ ይህ መታዘብ የሚባለው ነገር ዶክመንቱ ላይ ይጻፋል እንጂ ማንም አያደርገውም።

አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ታምሜ ሄጄ ካርድ ክፍል ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ ያሉት እናት መታከሚያ ወረቀታቸው ጠፍቷል። ካርድ የምታወጣው ልጅ ትጠይቃቸዋለች።

«ስምዎት ማን ነው እናቴ?»

«ፀሐይ።»

«የማን ልጅ?»

ነገሯት።

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከአዘዞ።»

«መቼ ነበር የመጡት?»

«የጥምቀት ሰሞን፣ ልጄን ይዤ።»

የካርድ ክፍሏ ልጅ ወደ መደርደሪያው ዞራ ሁለት ሦስት ካርድ ገለጥ ገለጥ አደረገችና አንዱን አወጣች። ደቂቃ አልፈጀባትም።

አሁን የተማሪዎቼን ሲስተም እዚያ አስቀምጡት። መፈለጊያው ላይ ፀሐይ ብለህ ትጽፋለህ። በፀሐዩ ፀ ነው በጸሎቱ ጸ? በሀሌታው ሀ ነው፣ በሐመሩ ሐ፣ ወይስ በብዙኃኑ ኀ? እዚሁ ላይ ስድስት አጻጻፍ ሆነ። «ሃ» ብሎ የሚጽፈውን አልቆጠርኩም። ለሰው አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ካልተነገረው ስድስቱ ስድስት ሰው ናቸው። ቅጹ ደግሞ «የቤተሰብ ስም» ይላል። የአባት ስም ነው የአያት? «የጥምቀት ሰሞን» የሚገባበት ሣጥን የለም። ልጃቸው ጳጉሜን 3 ቢወለድ ከውጭ የተገለበጠው ቀን መምረጫ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ያቺ ልጅ ግን ይህን ሁሉ በአራት ጥያቄ ጨርሳዋለች። ማኑዋል ብለን የናቅነው ይህንን ነው።

የሰዓቱ ነገርማ አይወራ። የትኬት ሲስተም ያቀረበ ቡድን ነበረኝ። አውቶቡሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይነሳል ተብለው 12 ብለው አስገቡ። ሲስተሙ ቀትር አደረገው። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። መንገደኛው ግን መናኸሪያ የሚደርሰው መኪናው ከሄደ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው።

ኢንተርኔቱም አለ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም ጎንደሬ አይረሳውም። ከዚያ በኋላ እንኳ «ሲስተሙ ኦንላይን ስለሆነ በቴክኒክ ረገድ አዋጭ ነው» የሚል ወረቀት ይመጣልኛል። መብራት ሲጠፋስ? ያ ገጽ ባዶ ነው።

ዲያግራም ይቅር እያልኩ አይደለም። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ፒተር ቼን በ1976 እ.ኤ.አ. ያመጣው የኢንቲቲ ሥዕል፣ መረጃ የሚያዝላቸውን ነገሮችና ግንኙነታቸውን የሚያሳየው፣ ዛሬም ዳታቤዝ ለሚነድፍ ሰው እንጀራ ነው። ችግሩ ፈተናችን ክቡ የቱ ነው፣ ቀስቱ ወዴት ይዞራል ላይ መቅረቱ ነው። ስለ ዋተርፎል፣ አንዱን ደረጃ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ስለሚወርደው የሶፍትዌር አሠራር፣ የምናስሸመድደውንም ተመልከቱ። የሶፍትዌር ባለሙያው ዊንስተን ሮይስ በ1970 እ.ኤ.አ. ያንን ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ሥዕል ሲያወጣ፣ በቀጥታ እንደዚያው መሥራት አደገኛ ነው፣ ውድቀት ይጋብዛል ብሎ እዚያው ጽፏል። ዋተርፎል የሚል ቃልም ጽሑፉ ውስጥ የለም። እኛ ሥዕሉን ወስደን ማስጠንቀቂያውን ተውነው።

ተማሪዎቹም የሚሉት አላቸው። የትብብር ደብዳቤ ይዘው ሲሄዱ «ኃላፊው የለም፣ ነገ ኑ» ይባላሉ። አንዳንዱ ቢሮ ኦዲት የመጣበት ይመስለዋል። ስለዚህ ዶርም ቁጭ ብለው ቃለ መጠይቁን ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ይመልሱታል። እናንተ ኃላፊዎች፣ ለግማሽ ቀን አንድ አግዳሚ ወንበር ብትለቁላቸው ምን ትጎዳላችሁ?

ዘንድሮ የመጀመሪያውን አሳይመንት ቀየርኩት። ላፕቶፕ የለም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ። ግማሽ ቀን ተቀምጣችሁ፣ ሠራተኛው የሚያደርገውን ነገር ግን ቅጹ ላይ የሌለ አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ አልኩ። አንድ ቡድን ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ የዱቤ ደብተር አይቶ መጣ። ግማሹ ባለዕዳ በስሙ አልተጻፈም፤ «ባለባጃጁ»፣ «የመምህሩ ሚስት»፣ «ረጅሙ» ነው የሚለው። ባለሱቁ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም አሉኝ። ይህን ዲያግራሙ ላይ የት እናስገባው ብለው ጠየቁ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ተከራከርንበት፣ ገና አልጨረስንም።