ሞተሩ ያልተነካ

በጎጃም መኪና ሲሻሻጡ አጠገባቸው ቆማችሁ ከሆነ፣ ከውዳሴዎች ሁሉ የምትበልጠውን ሐረግ ታውቋታላችሁ፤ «ሞተሩ ያልተነካ»። ቀለሙ ይላጥ፣ ወንበሩ ይቀደድ፣ የኋላው በር በሲባጎ ይታሰር፤ ሞተሩ ካልተነካ ሻጩ ደረቱን ነፍቶ ይናገራል፣ ገዢውም ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። «ለምን አልተነካም?» ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ እስካሁን አልገጠመኝም። ሃያ ዓመት ገላውን ያልታጠበ ሰው ጎረቤት ይሸሸዋል፤ ሃያ ዓመት ያልተከፈተ ሞተር ግን ዋጋው ይጨምራል።

ይህ ጽሑፍ ለዚህ ድንግልና ክብር የቀረበ ነው። በተለይም በሞተሩ ግንባር በሽፋን ተከልላ ለምትኖረው፣ ባለቤቷ ዓይኗን አይቶ ለማያውቀው ለታይሚንግ ቺንጋ።

ቺንጋዋ ጥርስ ያላት የጎማ ቀበቶ ናት፤ ወርዷ ከሁለት ጣት ብዙም አይበልጥም። ከታች ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ ክራንኩን፣ ከላይ የአየርና የጭስ በሮቹን፣ ማለትም ቫልቮቹን፣ የሚከፍተውን ዘንግ ካምሻፍቱን፣ በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ የናፍጣ ፓምፑን ጭምር አስተሳስራ ታዞራለች። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ፒስተኑ ሽቅብ ሲመጣ ቫልቮቹ መንገድ ለቅቀው መጠበቅ አለባቸው። ነገሩ እንደ ወረብ ነው፤ አንዱ ሲራመድ ሌላው ያፈገፍጋል፣ ቺንጋዋም ከበሮ መቺ ናት። በናፍጣ ሞተር ፒስተኑ አየሩን አለቅጥ ጨምቆ ስለሚያግለው፣ በእሱና በቫልቮቹ መካከል የሚተርፈው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። ከበሮው ድንገት ቢቆም ዘማሪዎቹ በግንባር ይላተማሉ።

ሠሪዎቹ እንደ ሞተሩ ዓይነት በየ100,000 ወይም በየ150,000 ኪሎ ሜትሩ ትቀየር ይላሉ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 100,000 ማለት 166 ጊዜ ሄዶ መመለስ፣ የዓባይን በረሃ ደግሞ ከ330 ጊዜ በላይ ወርዶ መውጣት ነው። ይህን ሁሉ ያገለገለችን ጎማ ፈትቶ መጣል ምን ዓይነት ውለታ ቢስነት ነው? እኛ ውለታ እናውቃለን። በጡረታ አናሰናብታትም፤ በሥራ ገበታዋ ላይ እንዳለች እንድታርፍ እንፈቅድላታለን።

ጃፓኖች ግን ሰው አያምኑም። በብዙ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ «ቲ ቤልት» (ታይሚንግ ቺንጋ) የምትል መብራት አስቀምጠዋል፤ ኪሎ ሜትሩ ሲሞላ ቦግ ትላለች። የእኔ ሚኒባስ ላይም አንድ ማለዳ በራች። እኛ ደግሞ የቅኔዎቹ የዋሸራና የጎንጅ አገር ሰዎች ነን፤ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰም ንቀን ወርቁን እንፈልጋለን። ሾፌሬ «ሽቦ ተነካክቶ ነው» ብሎ ፈታው። አማቼ «ቤንዚንና ናፍጣ እንዳይምታታ ማስታወሻ ነው» አሉ። በሦስተኛው ቀን ረዳቱ ያለ ብዙ ክርክር «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ተለጣፊ አምጥቶ መብራቷ ላይ ለጠፈባት። ከዚያ የተሻለ ፍቺ አልሰማሁም፤ ምቀኛይቱ ማን እንደ ሆነች ለሁላችንም ግልጽ ነበር።

የተማሩት ከእኛ ይሻላሉ፤ ተለጣፊ አያባክኑም። ቺንጋ ከተቀየረ በኋላ መብራቷን አጥፍቶ ቆጠራውን እንደገና የሚያስጀምር መላ አብሮ ተሠርቶ መጥቷል። እነሱ ቺንጋውን ትተው መላዋን ብቻ ይነካሉ፤ ለሌላ 100,000 ኪሎ ሜትር ቤታቸው ሰላም ይሆናል።

ለዘይት ቅያሪ ጋራዥ በገባሁ ጊዜ ሽማግሌው መካኒክ ተለጣፊውን በጥፍራቸው ላጥ አድርገው አዩ።

«ልጄ፣ ይህች ቺንጋ መቼ ተቀየረች?»

«ጋሼ፣ ሞተሩ እኮ ያልተነካ ነው!» አልኳቸው በኩራት።

ዝም ብለው አዩኝ። እንዲህ ያለ አተያይ የማውቀው ድሮ የኔታ ፊት ንባብ ስስት ነው። ከዚያ ሥራውን ዘረዘሩልኝ፤ ወንበሩ ይነሣል፣ ሌሎቹ ቺንጋዎች ይወልቃሉ፣ የክራንኩ ፑሌጃ ይነቀላል፣ ሽፋኑ ይከፈታል። ቺንጋዋ ብቻዋን አትቀየርም፤ የምትወጥራት ኩሽኔታም፣ ዘይት የሚያግዱት ጎማዎችም አብረው ይለወጣሉ፣ ምክንያቱም ዘይት ከነካት አዲሷም አትከርምም። በመጨረሻ ምልክቶቹ ይገጣጠማሉ፣ ሞተሩም በእጅ ሁለት ዙር ዞሮ ምልክቶቹ ከቦታቸው መመለሳቸው ይታያል። አንዲት ጥርስ ብትሳሳት ሞተሩ ያኮርፋል።

ዋጋው ከነእጁ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ብዙም አይርቅም ነበር። «ለሁለት ጣት ጎማ?» ብዬ ወጣሁ። ገንዘቡ ግን አልባከነም። በዚያው ሳምንት አዲስ የወንበር ልብስ አለበስኩ፣ በጣሪያው ዙሪያ ሰማያዊ መብራት አስገጠምኩ፣ ሦስት ዓይነት ድምፅ የሚያወጣ ጥሩምባም ገዛሁ። መኪናዬ እንደ ሠርግ ቤት አበራች። ይህንን ማንም ያያል፤ ቺንጋውን ማን ያየዋል?

ቺንጋዋ በደምበጫና በጅጋ መካከል ዐረፈች። አልጮኸችም፣ አልታመመችም፤ ሞተሩ ብቻ ጸጥ አለ። ሾፌሬ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ከልማዱ ፈጥኖ፣ ቀለል ብሎት ተሽከረከረ። «እንዲያውም ተሻለው!» አለ። የቀለለው ቫልቮቹ ተጣመው የሚጨመቅ አየር ስላልቀረ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የሕዝባችንን ደግነት ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ተሳፋሪው ማንም ሳይለምነው ወረደ፤ ከእርሻው ያሉ ሁለት ገበሬዎች ሞፈራቸውን ጥለው መጡ፤ ከገበያ የሚመለሱ እናት እንኳ ዶሮአቸውን በብብታቸው ይዘው በአንድ እጃቸው ደገፉ። «ግፋ በለው!» ተባለ። ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮን በተለቀቀ ቁጥር ክራንኩ ይዞራል፣ ካምሻፍቱ ግን ቆሟል፤ ፒስተኖቹም እየተነሡ ቫልቮቹን ይደቁሳሉ። ከስምንቱ ቫልቮች መጀመሪያ የተረፈ ከነበረ፣ እሱም በሕዝብ ተሳትፎ ተጣመመ። ገፍተን ገፍተን ሲደክመን ተመራርቀን ተቀመጥን።

ከዚያ ረዳቱ ወደ ጫካው ገብቶ ቅጠል ቆርጦ መጣ። ከመኪናው ኋላ አስፋልቱ ላይ በተርታ አነጠፈው፤ ከፊትም ድንጋይ ደረደረ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለካ ይህን ኖሯል። ቅጠሉን ሳንጠቀም ቀርተን አናውቅም፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ብቻ ነው ከእነሱ ጋር የማንስማማው። (ድንጋዩ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። የእኛን አናነሣም፣ የሌላውንም አንነካም።)

በአይሱዙ ተጎትተን ሽማግሌው ዘንድ ገባን። ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ወረደ። ቫልቮቹ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ አንዱም ቀጥ ያለ አልነበረም። የጎደለው ዕቃ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ እስኪመጣ መኪናዋ ሦስት ሳምንት ቆመች፤ ሰማያዊው መብራት ግን ባትሪው እስኪያልቅ በርቶ ነበር። ቫልቩ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ የቴስታታው ማስተካከያ፣ የእጅ ዋጋ፣ የጎታቹ፣ ያልተሠራበት ቀን ተደማምሮ የሁለት በሬ ዋጋ ወጣ። በጤፍ ያልቅ የነበረውን በበሬ ጨረስኩት፤ ለመኪናዬ ያለኝ ክብር ከዚህ በላይ በምን ይገለጻል? ሽማግሌው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ አዲሷን ቺንጋ ሲያስሩ ብቻ ጠርተው አሳዩኝ። ሁለት ጣት ታህላለች።

ዕዳው ስለከበደኝ መኪናዋን ለሽያጭ አወጣኋት። ከቢቸና አንድ ገዢ መጣ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ጋቢውን አስተካክሎ ዙሪያዋን ሁለቴ ዞራት።

«ሞተሩ ተነክቷል?»

«አዎን! ቺንጋው፣ ኩሽኔታው፣ ቫልቮቹ ሁሉ አዲስ ናቸው፤ ደረሰኙም አለ።»

ፊቱ ጠቆረ። ደረሰኙን ሳያይ ወደ ቀጣዩ ሚኒባስ አለፈ፤ የዚያኛው ዳሽቦርድ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ተለጣፊ አለ፣ ዳርና ዳሩ ብርቱካናማ ሆኖ ይበራል። ባለቤቱ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ዋጋ ለመቁረጥ ብዙም አልፈጀባቸውም።

ገዢው ቁልፉን ተቀብሎ ሲሄድ በእኔ በኩል አለፈና እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጋሼ።»