መስኮት አልባው የመስኮት ወንበር

ሰሞኑን የአሥራ አራት ሰዓት በረራ ልንጀምር ስንል፣ ጫማዬን አውልቄ ብርድ ልብሱን ገና ሳልዘረጋው፣ አንድ ጨዋ የሚመስል መንገደኛ አጠገቤ ቆመና «ይቅርታ፣ ባለቤቴ ከጎንዎ ስለሆነች ወንበር ቢቀይሩኝ? ያው ሁሉም ቢዝነስ ክላስ ነው እኮ» አለኝ። ቢዝነስ ክላስ መሆኑስ ነው። ነገር ግን እኔ ያንን ወንበር የያዝኩት ሦስት ሳምንት የመቀመጫውን ካርታ አጥንቼ ሲሆን፣ እርሱ ሊሰጠኝ ያሰበው ደግሞ የመጨረሻውን ረድፍ፣ ምግብ ማዘጋጃው ሥር ያለውን ነው፤ መጋረጃው በተገለጠ ቁጥር መብራቱ ዓይን ይወጋል፣ የሳህኑ ኳኳታም ሌሊቱን ሙሉ አያባራም።

ሦስት ሳምንት ያስጠናኝ የቆየ ቂም ነው። ከዓመታት በፊት ካርታው ላይ «የመስኮት» የተባለን ወንበር አምኜ ብቀመጥ፣ ከጎኔ ያገኘሁት ልሙጥ ግድግዳ ሆነ። አስተናጋጇን ጠርቼ «መስኮቱ የት አለ?» ብላት፣ ግራ ቀኙን አይታ «ከፊትዎ ያሉት ሰውዬ ጋ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሰውዬው ሦስት መስኮት ነበራቸው፣ ሦስቱንም ዘግተው ተኝተዋል! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ የዚህ ተረት ጣዕሙ ግን ለተመነጠረ ሰው ብቻ ነው የሚገለጠው።

ከዚያ ወዲህ የማልጠረጥረው ነገር የለም። በአንዳንድ አውሮፕላኖች ላይ በአንዱ ረድፍ መቀመጫው መስኮቱን ይጠጋል፤ በቀጣዩ ረድፍ ጠረጴዛው የመስኮቱን ቦታ ይወስድና መንገደኛው መተላለፊያው ዳር ይጣላል፣ የሚያልፍ ሁሉ ክርኑን እየገጨው። የሁለቱም ወንበር ፊደል ግን ያው ኤ ነው። የፊተኛው ረድፍ ለእግር ሰፋ ይላል ብለው ሲመርጡት፣ የሕፃናት አልጋ የሚሰቀለውም ብዙ ጊዜ እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው በተደረደሩት ደግሞ የመስኮቱን የያዘ ሰው ሌሊት መጸዳጃ ቤት ለመሄድ የተኛ ጎረቤቱን እንደ አጥር መዝለል አለበት። ብዙ አየር መንገዶች 13 ቁጥርን ገደ ቢስ ነው ብለው፣ አይ (I) የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ከ1 ጋር ይምታታል ብለው ይዘሉታል። መስኮት የሌለውን ወንበር መዝለል ያቃታቸው ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ቅሬታ አበዛህ የሚሉኝ ይኖራሉ። ብሪቲሽ ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. በ2000 ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ አልጋ ለቢዝነስ ክላስ ሲያመጣ፣ ቦታ ለመቆጠብ ግማሹን መንገደኛ ፊቱን ወደ አውሮፕላኑ ጅራት አዙሮ አስቀመጠው፤ በወንበሮቹ መካከል ያለው መለያ እስኪዘጋ ድረስም ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ፊት ለፊት እየተያዩ፣ ማን ቀድሞ ዓይኑን እንደሚሰብር እየተጠባበቁ ከመሬት ይነሡ ነበር። ከዚያ የኔው ግድግዳ ይሻላል፤ ግድግዳ ቢያንስ አያፈጥም።

እኔም መስኮትን ተስፋ ቆርጬ፣ በግራ አንድ፣ በመሐል ሁለት፣ በቀኝ አንድ ወንበር በሆነው አደራደር ከመሐሉ ጥንድ አንዱን፣ ማንም ማንንም የማይዘልበትን ወንበር የመረጥኩት በዚህ ሁሉ ምክንያት መሆኑን ለሰውዬው ከሥር መሠረቱ ሳስረዳው ቆየሁ። ለካስ ባለቤቱም ስትሰማኝ ኖሯል። ዞር ስንል ግን የዓይን መሸፈኛዋን አጥልቃ፣ በእኔና በእርሷ መካከል ያለውን መለያ እስከ ጫፉ ዘግታዋለች። ሰውዬውም መለያውን አየ፣ እኔን አየና ምንም ሳይል ወደ ሳህኖቹ ተመለሰ።