60 ካሬው የት ገባ?

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ ፕሮግራም የቀረቡ የሒሳብ አስጠኚ ስለ ባይኖሚያል ብዜት፣ ማለትም እንደ (ሀ + ለ)(ሐ + መ) ሁለት ሁለት ቁጥር የያዙ ቅንፎችን ስለ ማባዛት፣ የተናገሩት እስካሁን ያንገበግበኛል። ተማሪው «ፎይል»ን በቃሉ ከያዘ ይበቃዋል፤ ፈተናው ምርጫ ስለሆነ «ለምን?» እያሉ ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው አሉ። አዘጋጁም እሺ ብሎ አለፈ።

ጊዜ ማባከን! ልጆቻችን 12 ዓመት ሲሸመድዱ ከርመው በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ የባሰ ብክነት አለ?

ለመሆኑ «ፎይል» ምንድን ነው? ፈርስት፣ አውተር፣ ኢነር፣ ላስት፤ የአራት እንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት። ከሁለቱ ቅንፎች መጀመሪያ የፊተኞቹን፣ ቀጥሎ የዳርና ዳሮቹን፣ ከዚያ የመሐሎቹን፣ በመጨረሻ የኋለኞቹን አባዛ ለማለት ነው። እንግሊዝኛ አፉን ለፈታበት ልጅ ቃላቱ ቦታ ይጠቁሙታል። የእኛ ልጅ ግን እንደ ድግምት ነው የሚደግመው። ሲረሳው (ሀ + ለ)² = ሀ² + ለ² ብሎ ይጽፋል፤ የሚያቆመው ነገር የለም።

እስቲ መሬት ላይ እናውርደው። አራቱም ጎኑ 13 ሜትር የሆነ ቦታ አለን። 13ን 10 እና 3 ብለን እንክፈለው። በዚያ ልጅ ስሌት ቦታው 100 ሲደመር 9፣ 109 ካሬ ነው። በሜትር ሲለካ ግን 169 ካሬ ይወጣል። 60 ካሬው የት ገባ? 10 በ10 ከሆነው ትልቁ ቁራጭ ጎንና ጎን የተዘረጉት ሁለቱ ቁራጮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 10 በ3፣ 30 ካሬ። ልጁ ከሀ² + 2ሀለ + ለ² ላይ የዘለለው 2ሀለ ማለት እነሱ ናቸው! በርስት ቀልድ በማይታወቅበት አገር 60 ካሬ ሲጠፋ ዝም የሚል ልጅ አይገኝም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጠመኔና ሁለት መስመር ነው።

«አልጀብራ» የሚለው ስም የመጣበትን መጽሐፍ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ የጻፈው አል-ኽዋሪዝሚም «አስርና አንድ»ን በ«አስርና ሁለት» ሲያባዛ በተራ ቃላት ነው ያስረዳው፦ መቶ፣ አስር፣ ሃያ፣ ሁለት፤ 132። የጉልት ነጋዴዋም 12 ኪሎ ሽንኩርት በ85 ብር ስትሸጥ የአስሩን 850፣ የሁለቱን 170 ብላ 1,020 ትቀበላለች። ማንም «ፎይል» አላስተማራትም።

ያፈጥናል ይሉናል። ያፈጥን ይሆናል፤ ቅንፎቹ ሁለት ሁለት ቁጥር እስከያዙ ድረስ። (ሀ + ለ)(ሀ + ለ + 2) ሲመጣ ግን ስድስት ብዜት አለ። አራት ፊደል ብቻ የተሰጠው ልጅ ቀሪዎቹን ሁለት ከየት ያምጣ? አስጠኚው ተመልሰው ሲቀርቡ ይህን ይመልሱልን።