ማዮማው ከወጣ በኋላ ወዴት ይሄዳል?

ቸርችል ጎዳና ላይ ታክሲ ውስጥ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ጭኑ ላይ አቅፎ የተቀመጠ አስታማሚ ብታዩ፣ የያዘው የእናቱ ወይም የእህቱ ማህፀን ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሕክምናው አንድ ቦታ፣ ፓቶሎጂው (ናሙናው በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት) ሌላ ቦታ ሲሆን ናሙና አድራሹ ቤተሰብ ነው። የማህፀን ሳርኮማ (ከማህፀን ጡንቻ ወይም ደጋፊ ሥጋ የሚነሳ ካንሰር) ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ኤምአርአይና ስለ ውድ መድኃኒት ይሆናል። እኛ ደግሞ ጉዳዩ መጀመሪያ የሚበላሸው እዚህ ዕቃ ውስጥ ነው እንላለን።

ሳርኮማ ብርቅ ነው፤ ካንሰር ያልሆነው የጡንቻ እጢ፣ ማዮማ፣ ግን ሞልቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ግምት፣ ማዮማ ነው ተብሎ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 350 ሴቶች አንዷ ያልተጠረጠረ ሳርኮማ ይገኝባታል። አልትራሳውንድ ሁለቱን አስተማምኖ አይለይም። ከማህፀን ውስጥ ተጠርጎ የሚወሰድ ናሙናም ሊስተው ይችላል፤ እጢው ያለው ጡንቻው ውስጥ ነዋ! ካረጠች በኋላ "ማዮማዋ" ያደገባት ሴት ላይ ግን ጥርጣሬው ከፍ ሊል ይገባል፤ የእሷ እጢ ሆድ ውስጥ ተቆራርጦ ሳይሆን ከነማህፀኑ እንዳለ መውጣት አለበት። ሲቆራረጥ ህዋሳቱ ሆድ ውስጥ ይበተናሉ።

ወደ ዕቃው እንመለስ። ናሙናው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚዘልቀው በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ እጢ እንዳለ ቢዘፈቅ፣ ፎርማሊኑ መሃሉ ሳይደርስ መሃሉ ይበሰብሳል። ሳርኮማን ከማዮማ የሚለዩት ደግሞ የሞቱ የእጢ ህዋሳት፣ የህዋሳቱ ቅርጽ መዛባትና በመከፋፈል ላይ ያሉ ህዋሳት ብዛት ናቸው፤ የበሰበሰ ሥጋ ላይ እነዚህን ማንበብ አይቻልም። መፍትሔው ርካሽ ነው። ማህፀኑ እንደወጣ ይከፈት፣ ትልቁ እጢ ይሰንጠቅ፣ ከሥጋው መጠን 10 እጥፍ የሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ይፍሰስበት። ውሃ ወይም አልኮል ምትክ አይሆንም። ቅጹ ላይ ዕድሜዋ፣ ማረጥ አለማረጧና እጢው በምን ፍጥነት እንዳደገ ይጻፍ። ፓቶሎጂስቱም ከሚያጠራጥር እጢ በየሴንቲ ሜትሩ ቢያንስ አንድ ቁራጭ ይውሰድ።

ዓይነቱ መለየቱ የጥናት ወግ ብቻ አይደለም። በዝግታ የሚያድገው የስትሮማ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ደጋፊ ሥጋ) ሳርኮማ የሆርሞን ተቀባይ ስላለው፣ ቢሰራጭ እንኳ በቀን 2.5 ሚሊ ግራም ሌትሮዞል (የኢስትሮጅንን መመረት የሚገታ መድኃኒት) ሊያቆየው ይችላል፤ ኢስትሮጅንና ታሞክሲፌን ግን አይሰጡም። የጡንቻው ሳርኮማ ከተሰራጨ ዋናው መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ነው፤ የሚቀድመው ሳንባ ላይ መታየት ስለሆነ የደረት ሲቲ ስካን አይቀርም። ከማህፀን ሳይወጣ ተነቅሎ ከሆነ ግን ጨረር መጨመር ዕድሜ እንደሚያራዝም አልታየም። እንዲህ ያለችን ሴት እንደ ልማድ የጨረር ወረፋ ውስጥ መክተት፣ በእኛ እይታ፣ ጥፋት ነው።

ሪፖርቱ "ማዮማ" ብሎ ብቻ ከመጣ ሐኪሙ ደውሎ ስንት ቁራጭ እንደታየ ይጠይቅ። ታካሚዋም ከወረቀቱ ጋር ብሎኩንና ስላይዱን (በሰም የተቀበረውን ሥጋና መስታወት ላይ ያለውን ስስ ቁራጭ) ትጠይቅ፤ ሌላ ፓቶሎጂስት ደግሞ ሊያየው የሚችለው እሱን ነው።